ከሐዋሳ ሆኖ ባሕር ማዶ ማስተማር፦ የቨርቹዋል ክፍል መቼ ነው የማስተማር ልምድ የሚባለው?

የመጨረሻ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቢሮዬ መጣችና ገና ሳትቀመጥ፣ «መምህር፣ በዙም ያስተማርኩትን ሲቪዬ ላይ የማስተማር ልምድ ብዬ ብጽፈው ነውር አለው?» አለችኝ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የማስተማር ዘዴ አስተምራለሁ። ይህን ጥያቄ ከእሷ በፊት ሌሎችም ጠይቀውኛል። ወላጆችም ጠይቀውኛል፤ ልጃቸው ማታ ማታ ስልክ ላይ አፍጥጣ በእንግሊዝኛ ስታወራ የሚሰሙ እናት «ይሄ ነገር ትምህርት ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ያን ቀን ለተማሪዬ «እንዳስተማርሽው ይወሰናል» ብዬ ሸኘኋት። መልሱ ልክ ነበር፤ ግን አጠረብኝ። ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልመልሰው።

በመጀመሪያ የቨርቹዋል ክፍል የምንለው ነገር ምን እንደሆነ እንግባባ። በሁለት አገር ያሉ ሁለት ኮሌጆች፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁለት መምህራን፣ ይስማሙና ተማሪዎቻቸውን በኢንተርኔት ያገናኛሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ዝም ብሎ መተዋወቅ ነው፤ «ቁርስ ምን ትበላላችሁ፣ ሠርግ እንዴት ትደግሳላችሁ» ተባብሎ መለያየት። አንዳንዱ የጋራ ሥራ ነው፤ ከዚህ ሁለት ከዚያ ሁለት ሆነው አንድ የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጃሉ። ሦስተኛው ዓይነት፣ ይህን ጽሑፍ የሚመለከተው፣ ዕጩ መምህሩ ራሱ ወደ ማዶው ክፍል ገብቶ የሚያስተምርበት ነው። ዕቅድ አውጥቶ፣ ዓላማ ጽፎ፣ ጠይቆ፣ መዝኖ፣ ከዚያም የእሱ መምህር «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ብሎት ይወጣል።

ሦስቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ መደናገር ይፈጠራል። የመጀመሪያው ጥሩ ነገር ነው፤ ማስተማር ግን አይደለም። ሁለተኛው መንገዱን ያጋመሰ ነው። ለልምምድ ሊቆጠር የሚገባው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ሐሳቡ የኮቪድ ዘመን ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቻችን ሲዘጉ ብዙዎቻችን ዙም የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅነው ያኔ ስለሆነ ይመስላል። ነገሩ ግን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1988 የኒውዮርክ ግዛትና የሞስኮ ትምህርት ቤቶች በኮምፒውተር መልእክት ተገናኝተው ነበር፤ ዛሬ አይኧርን የሚባለው የትምህርት ቤቶች መረብ ከዚያ ነው የበቀለው። አውሮፓውያን ኢትዊኒንግ የሚባለውን የትምህርት ቤቶች መረብ በ2005 ጀመሩ። በኮሌጅ ደረጃ ደግሞ የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2006 ለዚሁ ሥራ ማዕከል አቋቋመ፤ መሥራቹ ጆን ሩቢን የፊልም መምህር ነበሩ። ዛሬ ኮይል በሚል ምህጻር የሚታወቀው አሠራር፣ ማለትም ሁለት መምህራን አንድን ኮርስ በከፊል አጋምደው፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ተማሪዎቻቸውን አብረው የሚያሠሩበት መንገድ፣ ከዚያ የመጣ ነው።

ፕላዝማው ያላየው ነገር

የእኔ ዕድሜ መምህራን «ትምህርት በስክሪን» ሲባሉ ወዲያው የሚመጣባቸው ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት። በስክሪኑ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቃ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ክፍሉ ይመልስ አይመልስ ሳታውቅ «ጎበዞች!» ብላ ትቀጥላለች። በሩ ጥግ የቆመው መምህር እሷ ስትጨርስ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ የተበተነውን ለመልቀም ይታገላል። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ያ «ጎበዞች!» አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ አንድም ቀን ጎበዝ ሆኜ አልተባለልኝም ነበርና።

ይህን ያነሳሁት ፕላዝማን ልኮንን ሳይሆን ልዩነቱን ለማሳየት ነው። ፕላዝማው እኛን አያየንም ነበር። የቨርቹዋል ክፍል ያያል፤ ቢያንስ ማየት ይችላል። ዕጩ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ «ጎበዞች» ብሎ ካለፈ ግን በ2018 ዓ.ም. ፕላዝማን መልሶ ተከለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያዬ ይህ ነው፦ ተማሪው ባይገባው ኖሮ መምህሩ ያውቅ ነበር? ያውቅ ከነበረ፣ ምን ያደርግ ነበር?

እዚህ ላይ የዚያችን የሒሳብ ተማሪዬን ትምህርት በቅርብ ላሳያችሁ።

አጋራችን በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ያለ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ እንደኛው መምህር ለመሆን የሚማሩ ናቸው። ተራው የእሷ ሲሆን የመረጠችው ርዕስ ትንሹ የጋራ ብዜት ነበር። በመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ አልጀመረችም። የሲዳማን ሳምንት ይዛ መጣች። በሲዳማ ባህላዊ አቆጣጠር ሳምንቱ አራት ቀን ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ገበያውም ከእነዚህ ቀናት ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የፍቼ ጫምባላላ በዓልም ቀኑ የሚቆረጠው የከዋክብትን አካሄድ በሚያነቡ አያንቶ በሚባሉ አዋቂዎች ነው። ይህን በአምስት ደቂቃ ተረከችላቸውና ጥያቄዋን ጣለች፦ ዛሬ ቅዳሜም ዲኮም ቢሆን፣ ቅዳሜና ዲኮ እንደገና የሚገጥሙት ከስንት ቀን በኋላ ነው?

ዝም አሉ። ከጀርባዋ ሆኜ እጆቿን አያለሁ፤ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች። «ገብቷችኋል?» አለቻቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አብዛኛው ዕጩ መምህር እዚህ ጋ ይረታል፤ ራስ ተነቀነቀ፣ እንግዲህ ገብቷል፣ ወደ ቀጣዩ ስላይድ። እሷም እጇ ወደ ቀጣዩ ሄዶ ነበር። ግን ተመለሰች። «መልሳችሁን ቻቱ ላይ ጻፉ፤ እኔ እስክል ማንም እንዳይልክ» አለች። ከዚያ ቆጥራ «ላኩ» ስትል በአንድ ጊዜ ዘነበ፦ 28፣ 28፣ 11፣ 28፣ 14፣ 11።

ሁሉም ገብቶናል ብለው የነበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

11 ያሉት አራትና ሰባትን ደምረዋል። እሷ «ስህተት ነው» አላለቻቸውም። «እሺ፣ ከዛሬ ወዲያ በ11ኛው ቀን ምን ቀን ነው? ሁለቱንም ስም ንገሩኝ» አለች። ቆጠሩ፤ ረቡዕ ሆነ፣ ከሲዳማው ደግሞ ቃዋላንካ። አንደኛዋ ሳቀች፤ ቅዳሜም ዲኮም አልነበረም። 14 ያለው ልጅ ደግሞ ሳይጠየቅ ራሱ አረመ፤ በ14ኛው ቀን ቅዳሜ ይሆናል፣ ከወዲያ በኩል ግን ቃዋዶ ነው። ቅዳሜን ብቻ አረጋግጦ ዲኮን ረስቶታል። 28 ላይ ሁለቱም ሲገጥሙ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። በመጨረሻ ላይ በሲዳማ አቆጣጠር 12ቱ ወራት 28፣ 28 ቀን ናቸው ስትላቸው፣ 28 ለምን እንደሆነ ከእሷ በፊት እነሱ ተናገሩት፤ ሰባት ጊዜ አራት፣ ቀን ሳይተርፍ።

ይህ ሁሉ 22 ደቂቃ ነው የፈጀው። እኔ በዚያ ትምህርት ውስጥ ሦስት ነገር አይቻለሁ። አንደኛ፣ ልጅቷ የምታውቀውን ነገር ነው ያስተማረችው። ሁለተኛ፣ የራስ መነቅነቅን አላመነችም። ሦስተኛ፣ ስህተቱን ወደ ጥያቄ ለወጠችው። ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ሆና ቢሆን ሁለተኛውን ታደርገው ነበር ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ። ክፍል ውስጥ መምህር ፊት ያነብባል፤ ማን እንደገባው፣ ማን እንደተኛ በዓይን ያውቃል ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። ስክሪኑ ያን ይነጥቀዋል። ግማሹ ካሜራ አጥፍቷል፤ የቀረው የቴምብር መጠን ያላት ፊት ነው። ዓይን ካልሠራ የሚቀረው መጠየቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የቨርቹዋል ክፍል ድክመት የሚለው ይህንን ነው፤ ለጀማሪ መምህር ግን ትልቁ ትምህርት ከዚሁ ነው የሚወጣው።

ከዝምታው ጋር የሚሄድ አንድ የቆየ ጥናት አለ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ጥበቃው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን መልሶቹ ረዘሙ፤ ዝም የሚሉት ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ። በዙም ላይ ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ተማሪው ማይኩን እስኪከፍት ይቆያል፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚያስብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚህ ክፍል የወጡ ተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ዝምታን እንደ ድሮው አይፈሩም፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ማን ነው የሚያስተምረው?

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ።

መጀመሪያ ስንጀምር የተስማማነው የማዶዎቹ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሊያስተምሩልን ነበር። እነሱ የማስተማር ልምምድ ያስፈልጋቸዋል፤ የእኛዎቹ ደግሞ ንግግር መለማመድ ይፈልጋሉ። ፍላጎታቸው የምር ነው። እንግሊዝኛ በሁለተኛ ቋንቋነት ለማስተማር የሚሠለጥን ወጣት፣ ሁሉም አንድ ቋንቋ በሚናገርበት ትንሽ ከተማ ቢማር፣ ቋንቋው የማይገባውን ሰው ፊት ለፊት ሳያገኝ ሊመረቅ ነው። ነገ ግን ክፍሉ ውስጥ የስደተኛ ልጆች ይቀመጣሉ። የእኛ ልጆች ፊት ቆሞ «ቀስ በል፣ አጭር አድርገው» ሲባል መስማቱ ለእሱ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነው። እናም ሴሚስተሩን ሙሉ እነሱ አስተማሩ፣ እኛ ተማርን። ሁሉም ተደስቶ ተለያየ።

ጥፋቱ የገባኝ የተማሪዎቼን የማሰላሰያ ጽሑፍ ሳርም ነው። «ብዙ ተማርኩ» «በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው» ይላል። አንዱም «እንዲህ አስተማርኩ» አይልም። በአንድ ወገን ያሉት ዕጩ መምህራን ልምድ ይዘው ወጡ፤ የእኔዎቹ፣ እነሱም ዕጩ መምህራን የሆኑት፣ የሰው መለማመጃ ሆነው ቀሩ። ይህን የፈቀድኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ ስለሚያምረን፣ «ነፃ ትምህርት ተገኘ» ብለን፣ ምን ይዘን እንደምንሄድ ሳንጠይቅ ነው የገባነው።

በቀጣዩ ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ እኩል እንዲሆን ጠየቅሁ፤ አንድ ሳምንት እነሱ፣ አንድ ሳምንት እኛ። የማዶዋ መምህርት ወዲያው ነው የተስማማችው፤ ያላሰበችበት ስለነበር እንጂ ክፋት አልነበረባትም። ተማሪዎቼ ግን ደነገጡ። «እኛ ለነሱ ምን እናስተምራለን?» የሚል ጥያቄ ከሃያ አፍ ወጣ። ይህ ጥያቄ እስከዛሬ ያሳዝነኛል። ከሐይቁ ዳር ያደጉ ልጆች ናቸው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶ ሲገፍፍ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተራ ይዘው ሲጠብቁ በየቀኑ ያያሉ፤ ያ ለባዮሎጂ ተማሪ የምግብ ሰንሰለት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይኖራሉ፤ ታቦር ተራራ ከከተማው መሐል ይታያል፤ ያ ለጂኦግራፊ ነው። ፊደላችን ለቋንቋ፣ አሥራ ሦስት ወራችን ለሒሳብ። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ጀበና ለምን አንገቱ እንደቀጠነ በሙቀት ትምህርት አስረዳቸው፤ ጀበናውን ለመሥራት የሞከሩ ነበሩ።

ስለዚህ ሁለተኛው መለኪያዬ ይህ ነው፦ ዕጩ መምህሩ ይዞ የሄደው የራሱ ትምህርት አለ ወይ? ከሌለ ተማሪ ሆኖ ነው የተመለሰው። ተማሪ መሆን አያሳፍርም፤ የማስተማር ልምድ ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም።

ሰዓቱ፣ ዳታውና መብራቱ

በዚህ ክፍል አንባቢዬ ትዕግሥት ይስጠኝ፤ አብዛኛው ፕሮግራም የሚሞተው በትምህርት አሰጣጥ ጉድለት ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ሰዓት። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ሁሉም ይሳሳታል። ማዶዋ መምህርት «ከጠዋቱ 9 ሰዓት በኛ» ብላ ጻፈችልኝ። በወቅቱ ልዩነታችን ሰባት ሰዓት ስለነበር በስልኬ ላይ 4:00 ሆኖ መጣ። እኔም በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ «ሐሙስ በ4 ሰዓት» ብዬ ለጠፍኩ። ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ክፍል ለባብሶ፣ ዳታ ሞልቶ ሊንኩን ይጫናል። እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል። መጻፍ የነበረብኝ «ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት» ነበር። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ የተመለሱት ግማሽ ግማሽ ሆነው ነው፤ ከሩቅ ሠፈር በባጃጅ የመጡት ሁለተኛ የመምጫ ገንዘብ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ አንድም ማስታወቂያ ያለ ሦስት ነገር አልለጥፍም፦ የእኛ ሰዓት «ከሰዓት በኋላ» ወይም «ማታ» ከሚል ቃል ጋር፣ የሃያ አራት ሰዓቱ አቆጣጠር (16:00)፣ ከዚያ የእነሱ።

ሌላም አለ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓት አንነካም። አሜሪካውያን ግን በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ግድም ይውላል። በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ ማለትም በየካቲት ማለቂያ ወይም መጋቢት መግቢያ ላይ ደግሞ ወደፊት ይገፉታል። አውሮፓውያን የሚቀይሩት በኦክቶበርና በማርች የመጨረሻ እሑዶች ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 9 ሰዓታቸው በመስከረም ለእኛ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ በኅዳር 11 ሰዓት ይሆናል። ካምፓስ ውስጥ ላልሆነች ልጅ ያቺ አንድ ሰዓት ትልቅ ናት፤ ትምህርቱ ሲያልቅ መሽቷል። ከጀርመን ጋር ቢሆን ልዩነቱ እንደ ወቅቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከሕንድ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል፤ እነሱ ይቀድሙናል። አጋር የሚፈልግ ኮሌጅ ሁልጊዜ ወደ አሜሪካ ብቻ ባያይ ጥሩ ነው። ናይሮቢ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዓለም አቀፍ ለመሆን ውቅያኖስ መሻገር ግዴታ አይደለም።

ዳታ። ስሌቱን አንድ ጊዜ ካወቁት ፍርሃቱ ይቀንሳል። ዙም ራሱ እንደሚለው ለድምፅ ብቻ የሚያስፈልገው በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ነው። በሰዓት ሲሰላ ከ27 እስከ 36 ሜጋባይት ይሆናል። ጥራት ያለው የቡድን ቪዲዮ ግን በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰዓት 450 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት! እኛ የደረስንበት መንገድ ይህ ነው፦ ስላይዱን በፒዲኤፍ ከአንድ ቀን በፊት በቴሌግራም እንልካለን፤ በትምህርቱ ሰዓት ስክሪን አናጋራም፤ «ገጽ 3ን ክፈቱ» እንላለን። ካሜራ የሚከፍተው የሚያስተምረው ብቻ ነው፤ ሌላው ሰላምታ ሲሰጥና ሲሰናበት ይከፍታል። ነፃው ዙም ደግሞ በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ይህን ብዙዎች ያማርሩበታል፤ እኔ ትምህርቱን 35 ደቂቃ እንዲሆን አድርጌ ማቀድን ማስተማሪያ አደረግሁት። ጊዜውን መመጠን የማይችል መምህር ክፍል ውስጥም ደወሉ ይቀድመዋል።

መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይሞታል፤ ስልኩ ግን አይሞትም። ስለዚህ በየትምህርቱ አንድ ተማሪ ፓወር ባንክና የተሞላ ፓኬጅ ይዞ ተጠባባቂ ይሆናል። የማዶዎቹም አስቀድመው «ድንገት ብንጠፋ አሥር ደቂቃ ጠብቁን፣ ካልተመለስን ይህን መልመጃ ሥሩ» የሚል ወረቀት እጃቸው ላይ አለ። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ተመለስን፤ መልመጃውን ጨርሰው ጠበቁን።

በክፍሉ ውስጥ ልጆች ካሉ

በማዶው ያሉት የኮሌጅ ተማሪዎች ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ የትምህርት ቤት ልጆች ከሆኑ ግን አምርሬ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ቸልታ የለም። የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይኑር። የልጆቹ የራሳቸው መምህር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስክሪኑ ላይ ይገኝ። ዕጩ መምህሩ ከየትኛውም ልጅ ጋር በግል አይጻጻፍ፣ የስልክ ቁጥር አይለዋወጥ። ቅጂ የሚወሰድ ከሆነ ለምን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ይነገር። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው ፊትና ድምፅ የሰውየው ንብረት መሆኑን ገና ካልተለማመድን እንልመድ። የሕፃን ፊት ያለበትን ስክሪን ፎቶ አንስቶ «ዛሬ በዓለም አቀፍ ክፍል» ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ መልካም ይመስላል፤ አይደለም።

የሚተካው ምኑን ነው?

የመምህራን ሥልጠናችን ተግባር ላይ እንዲያተኩር የተወሰነው ዛሬ አይደለም። ቴሶ በሚባለው በ2003 (እ.ኤ.አ.) በመጣው ማሻሻያ ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዶ መለማመድ፣ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። ከዚያም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠው የማስተማር ዲፕሎማ፣ ፒጂዲቲ፣ መጣ። ዕጩ መምህር ትምህርት ቤት ሄዶ፣ አይቶ፣ ረድቶ፣ ከዚያ ራሱ ማስተማር አለበት። የቨርቹዋል ክፍል ይህን ይተካል ወይ?

አይተካም። ስልሳ ሰባ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚንሾካሾኩትን ጀርባህን ሰጥተህ እየጻፍክ መስማት፣ ጠመኔ ይዞ ቀጥ ያለ መስመር መሳል፣ በወንበሮች መሐል እየዞሩ ደብተር ማየት፣ አርፍዶ የመጣን ልጅ ክፍሉን ሳያቋርጡ ማስገባት፣ የተራበ ልጅን ለይቶ ማወቅ። ይህን ዙም አያስተምርም። ፕራክቲከምን በዙም ሰዓት እንሙላው የሚል ኮሌጅ ካለ ልጆቹን እየበደለ ነው።

የሚተካው ሌላ ነገር አለ። ማይክሮ ቲቺንግ የምንለው ልምምድ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በድዋይት አለን የተጀመረው፣ ጥቂት ሰዎች ፊት አጭር ትምህርት አስተምሮ፣ ራስን በቅጂ አይቶ፣ ታርሞ እንደገና ማስተማር ነው። በእኛ ኮሌጆች ይህን የምናደርገው ጓደኛ ለጓደኛ ነው። ጓደኞቹ ትምህርቱን ያውቁታል፤ ያልገባቸው መስለው ይተባበሩታል፤ ሁሉም ያስመስላል። የማዶዎቹ ግን አያስመስሉም። የሲዳማን ሳምንት በእውነት አያውቁትም፤ 11 ሲሉ በእውነት ተሳስተው ነው። ለማይክሮ ቲቺንግ ከዚህ የተሻለ ተማሪ አላውቅም። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄድ በፊት ባለው ሴሚስተር ቢገባ ቦታው እዚያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ዓለም አቀፍ የማስተማር ሰርተፊኬት» እያሉ ከተማሪ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። ማንም ሳያያችሁ፣ ዕቅዳችሁን ማንም ሳያርመው የሚሰጥ ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ጥሩው ግንኙነት የሚጀመረው በሁለት መምህራን ኢሜይል ነው፤ ከተማሪ የሚያስከፍለው የዳታ ወጪውን ብቻ ነው፤ እሱንም ኮሌጁ ቢሸፍነው ይመረጣል።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ከሳምንት በኋላ አስጠራኋትና ሲቪዋን ከፈትን። «ዓለም አቀፍ የማስተማር ልምድ» ብላ ጽፋ ነበር፤ በትልቁ፣ በደማቁ። እሱን አጠፋነው። በምትኩ አንድ ላይ ሆነን ይህን ጻፍን፦ «በኢንተርኔት በተገናኘ ክፍል ለ12 የአሜሪካ ዕጩ መምህራን አራት የሒሳብ ትምህርቶችን፣ እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ አቅዳ አስተምራለች። ሁለቱ በመምህር ተገምግመዋል። የትምህርት ዕቅዶቹ ሲጠየቁ ይቀርባሉ።»

አነበበችውና «መምህር፣ አነሰ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ሁለቱ ብቻ ነው የተገመገሙት?» አለች። አዎ፤ ሌሎቹን ሁለት ቀን እኔ ስብሰባ ነበርኩ። ቀሪዎቹን ዕቅዶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ ያለ ቅጂም ቢሆን ከደብተሯ ማስታወሻ እንድናያቸው ጠየቀችኝ። ወንበር ሳብኩላት፤ ከሦስተኛው ትምህርት ጀመርን።